ቀለም ያልያዘው ሳህን

ያ ክረምት አይረሳም። ዝናቡ በጠዋት ይጀምርና ማታም አይጠግብም ነበር። የታጠበ ልብስ ገመድ ላይ ሰንብቶ እንደረጠበ ይወርዳል፤ ዳቦ ገና ሳይቆረስ ይሻግታል፤ ግድግዳው እንደ ታማሚ ያልበዋል። ሰው ሁሉ ጉንፋን ይዞት ሰላምታው እንኳ ሳል ሆኖ ነበር። በልብስ ሰፊው ሱቅ ውስጥ ግን ይሞቃል። የካውያው እንፋሎት መስታወቱን ስለሚሸፍነው፣ በመንገድ ለሚያልፍ ሰው ሱቁ የገላ መታጠቢያ ይመስል ነበር። የልብስ ሰፊው እህት ከሥራ ስትወጣ ጃንጥላዋን በሩ ላይ አራግፋ ትገባና፣ ካውያው አጠገብ ካለችው በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ እግሯን ታሞቃለች። ኋላ ስታስበው፣ በዕድሜዋ ካየችው ደስታ ሁሉ ትልቁ ያ ነበር። ያኔ ግን የምታስበው ጫማዋ ውኃ ማስገባቱን ብቻ ነው። ሰው መቼም ያለበትን አያውቅም።

በሥራ ቦታዋ «ሞግዚት» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት ተማሪዎቹ ናቸው፤ እሷም አልጠላችውም። የራሷ ልጅ አልነበራትም። አግብታ ነበር፣ ሳይሆን ቀረ፤ ያንን ወሬ ማንሳትም አትወድም። የምትሠራው በትልቁ ሆስፒታል ምድር ቤት፣ የደም ሥር በሚጠናበት ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። ከላይ፣ ከማዋለጃው ክፍል፣ እናቶቹ የፈቀዱት እትብት ጨው ውኃ በያዘ ባለክዳን ዕቃ ይመጣላታል። ሰው እትብቱ የተቀበረበትን ቦታ ሲናፍቅ ይኖራል ይባላል፤ የእነዚያ ሕፃናት እትብት ግን እሷ መዳፍ ላይ ነበር። ደሙን አጥባ፣ በእትብቱ መካከል የሚያልፈውን ሰፊውን ሥር ትፈልግና ቀጭን ቱቦ አስገብታ የውስጡን ገጽ የሚያላቅቅ ፈሳሽ ትሞላዋለች። ጥቂት ሙቀት ውስጥ አቆይታ ስታፈሰው፣ የደም ሥሩን ውስጥ ለውስጥ የለበጡት ሴሎች አብረው ይወርዳሉ። ከዚያ ጠፍጣፋ ጠርሙስ ውስጥ አስተኝታ፣ እንደ ሰው ገላ በሚሞቅ ሳጥን ታሳድጋቸዋለች። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ፣ ባለሙያ እንዳነጠፈው የመንገድ ድንጋይ ጎን ለጎን ተጠጋግተው ነው የሚተኙት።

«ዛሬስ ልጆችሽ በሉ?» ይላታል ወንድሟ፣ ክሩን በጥርሱ እየበጠሰ።

«በሉ።»

«ጠገቡ?»

«ግማሾቹን ጾም አስገብቻቸዋለሁ።»

«ኧረ በሕግ። ዓይን የማያየውን ፍጥረት ታስርቢያለሽ፤ እኔ ደግሞ ዓይን የሚሞላ ኮት ሰፍቼ ባለቤቱ የት እንደገባ አላውቅም።»

«ወፍሮ ይሆናላ። እንደሚጠበው አውቆ ነው የቀረው።»

«እንግዲያ አንቺው ልበሺው፣ ሚጣ።»

ጠጉሯ ሸብቶም ሚጣ ነበር የሚላት። እሷም ወንድም ጋሼ እንጂ በሌላ ጠርታው አታውቅም። እናት አባታቸው ቀድመው ስለሞቱ ያሳደጋት እሱ ነው። ራሱ ከትምህርት ቀርቶ መርፌ ጨበጠ፤ እሷን ግን አስተማራት። የትምህርት ቤት ልብሷን ከአባታቸው ሱሪ ቆርጦ ሲሰፋላት፣ ውስጡ ላይ ትርፍ ጨርቅ ይተው ነበር፤ ስታድግ እንዲለቀቅላት። በዚያ እጅ የደረሰች ሴት ናት።

የቤተ ሙከራው ሥራ ሲጠቃለል እንዲህ ነው። በሰውነት ውስጥ «እደጉ፣ ተባዙ» እያሉ ለሴሎች መልእክት የሚያደርሱ ጥቃቅን ነገሮች አሉ፤ የእድገት ፋክተር ይሏቸዋል። ከእነዚህ አንዱ የደም ሥርን ሴል በር ሲያንኳኳ፣ ሴሉ ውስጥ አንዱ ለአንዱ ሹክ እየተባባለ ወሬው ይዘልቅና፣ በመጨረሻ ሴሉ ጋዝ ያወጣል። ስሙ ናይትሪክ ኦክሳይድ ነው። ጋዙ የደም ሥሩን ወደ ጠቀለለው ጡንቻ ያልፍና «ላላ በል» ይለዋል። ጡንቻው ይላላል፣ ሥሩ ይሰፋል፣ ደሙም ሳይጨናነቅ ያልፋል። ጋዙ ራሱ ዕድሜ የለውም፤ ብቅ ብሎ ነው የሚጠፋው። ነገር ግን ፈሳሹ ውስጥ ዱካ ይተዋል፤ በዚያ ላይ መመርመሪያውን ጠብ ሲያደርጉበት ሮዝ ይሆናል። ጋዙ በበዛ ቁጥር ቀለሙ ይደምቃል።

ሞግዚት ሴሎቹን የምታስጾመውም ለዚህ ነው። የሚበሉት ምግብ ውስጥ የእድገት መልእክተኛ ሞልቷል። ጠግበው ከዋሉ የትኛውን ሰምተው እንዳደሩ አይታወቅም። ከጾሙ በኋላ መልእክተኛውን በልኩ ትሰጣቸዋለች። ትናንሽ ጉድጓዶች ካሉት ሳህን ውስጥ አንዱ ረድፍ ሮዝ ይሆናል። በሌላው ረድፍ ላይ ግን አስቀድማ አጋጅ ታደርግበታለች፤ አጋጁ መልእክተኛውን በር ሳይደርስ መንገድ ላይ ጠብቆ ይይዘዋል። ያ ረድፍ ቀለም አይዝም።

«ነጭ ቀረ?» ትላለች የቤተ ሙከራው ኃላፊ ፕሮፌሰሯ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ እየመጣች።

«እንደ ምንጭ ውኃ።»

«በጄ። አጋጁ ሥራውን ያውቃል ማለት ነው።»

እንዲህ ሲባል ዓመታት አለፉ። ነጭ የቀረ ሳህን ባየች ቁጥር ሞግዚት ደስ ይላት ነበር። ዓይን የለመደውን ያያል፤ ልብም የለመደውን ይደሰታል።

ያ ክረምት ሳይወጣ ወንድሟ መክሳት ጀመረ። የሰውን ሱሪ ሲሰፋ በሜትር ይለካል፣ የራሱን ሱሪ ግን ሳይለካ በየሳምንቱ ያጠብበው ነበር፤ አንድ ቀን እህቱ ጠረጴዛው ሥር ተደብቆ ሲያጠብበው አየችው። ሆስፒታል ወሰደችው። አንጀቱ ላይ ዕጢ ተገኘ። ቀዶ ጥገናው ደህና ሆነ፤ ዕጢው ግን ዘሩን ጉበቱ ላይ ጥሎ ነበር። የካንሰር ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ረጋ ብላ የምትናገር። ሦስቱንም አስቀመጠቻቸው፤ ወንድም ጋሼን፣ ሚስቱን እትዬንና ሞግዚትን።

«ዕጢ ሲያድግ ምግብ ያስፈልገዋል» አለች ሐኪሟ። «ስለዚህ በአካባቢው ያሉትን የደም ሥሮች ወደ እኔ እደጉ እያለ ይጠራል። ከሌላው መድኃኒት ጋር የምንሰጠው አንዱ መድኃኒት ያንን ጥሪ ነው የሚያቋርጠው።»

«የእድገት ፋክተሩን ይይዘዋል» አለች ሞግዚት።

ሐኪሟ ፈገግ አለች። «ሙያዎ ነው መሰለኝ።»

«እንዴታ» አለ ወንድሟ ቀና ብሎ፤ ሕመሙን ረስቶት ነበር። «እሷ የደም ሥር እንደ ዶሮ የምታረባ ናት።»

«እንግዲያ ሥራ ልስጥዎት» አለች ሐኪሟ። «ይኼ መድኃኒት የደም ግፊት ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ቤት ውስጥ ለኩት። የላይኛው ቁጥር መቶ ስልሳ ከነካ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ደውሉልኝ።»

«እኔ እጄ ይንቀጠቀጣል» አለች እትዬ። «እሷ ትለካው። እሷ ካየችው እኔ ተኝቼ አድራለሁ።»

በኮሪደሩ ላይ ተራ የሚጠብቅ አንድ ግዙፍ ሰው ተቀምጦ ነበር። ግፊቱ ወጥቶ ይኼንኑ መድኃኒት እንዳቋረጡበት ለጎረቤቱ ሲያወራ ወንድም ጋሼ ሰማው። ከዚያች ቀን ወዲህ ያ ወሬ እንደ እሾህ ተሰክቶበት ቀረ። መድኃኒቱ የሚሰጠው በየሦስት ሳምንቱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ግፊቱ ደህና ነበር። የሆዱ ፎቶ ሲነሳም ዕጢው ከነበረበት አልጨመረም። ሱቁ እንደገና ተከፈተ፤ የጠፋው ባለኮትም መጣና፣ ኮቱ እውነትም አልገባ አለው። እነሱ ያንን ቀን ሲስቁ ነው የዋሉት።

ከዚያ ግፊቱ መውጣት ያዘ።

ሞግዚት የምትለካው ከሥራ ስትመለስ፣ ሱቁ ውስጥ ነው። ክንዱን የጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ያሳርፋል፤ እሷ ታስርለታለች፤ መሣሪያው ያጉረመርማል። አንድ ቀን ሐኪሟ ያሰመረችውን መስመር አልፎ አገኘችው። ቁጭ ብላ እንደገና ለካች። ያው ነው።

«ስንት ነው?» አለ።

ነገረችው።

«አለቀ በያ። ያቋርጡብኛል።»

እሷ ግን የቁጥሩን ብልጭታ እያየች፣ የምታየው የራሷን ሳህን ነበር። መልእክተኛው ተያዘ፤ ሴሎቹ ጋዙን አላወጡም፤ ሥሩ አልላላም፤ ግፊቱ ወጣ። ሁሉም ነገር ልክ ምድር ቤት ውስጥ እንደምታውቀው ሰንሰለት ተራ በተራ መጣላት።

«ወንድም ጋሼ፣ ይኼ እኮ ደግ ምልክት ነው» አለችው። «መድኃኒቱ የሚይዘውን ይዟል ማለት ነው። ባይሠራ ኖሮ ግፊትህ ባለበት ይቀመጥ ነበር።»

«ከልብሽ ነው ሚጣ?»

«ዕድሜዬን ሙሉ ያየሁት ነገር ነው።»

«እንግዲያ ሳህኔ ነጭ ነው በያ።»

«ነጭ ነው።»

«በይ እንዳትደውዪ» አለ። እሷም አልደወለችም። ክፋት አልነበረበትም። ያሳደጋትን ሰው ተስፋ ከእጁ ላይ መንጠቅ አቃታት፤ ያ ተስፋ ደግሞ እሷ ከምታውቀው ነገር ጋር ገጠመላት። እንደዚያ ሲገጥም ሰው ሌላ አይመረምርም።

በቀጠሮው ቀን ነርሷ ስትለካው ከፍ አለባትና «ቤትስ እንዴት ነው?» ብላ ጠየቀች። «ቤት ደህና ነው፤ ነጭ ጋዋን ሲያይ ነው የሚፈራው» አለች ሞግዚት። እሱም ቶሎ ብሎ «ደረጃውን በሩጫ ነው የወጣሁት» አለ። ነርሷ ወረፋው በዝቶባት ነበር። መድኃኒቱ ተሰጠው።

ከዚያ ወዲህ ራሱን ያመው ጀመር። መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ማስገባት አቃተውና ለእትዬ እየሰጠ ታስገባለት ጀመር፤ «ዓይኔ ላይ ዝንብ ይዞርብኛል» ይላል። እትዬ ማድ ቤት ውስጥ ሞግዚትን ለብቻዋ ይዛ ጠየቀቻት።

«ማጅራቴን፣ ማጅራቴን እያለ ነው። ለሐኪሟ እንንገራት እንጂ።»

«መድኃኒቱ እየሠራ ነው እትዬ። ከነገርናቸው ያቋርጡበታል።»

«ሳይርቅ በቅርቡ ይባል የለ።»

«እኔ እያየሁት አይደል?»

እትዬ የሾርባውን ክዳን ገልጣ አየችና መልሳ ከደነችው። «አንቺ ካልሽ» አለች።

ሰው ኋላ የሚያንገበግበው ስድብ ይመስለዋል። የሚያንገበግበው ግን እንዲህ ያለ እምነት ነው።

አንድ ረፋድ ላይ ወንድም ጋሼ የመጋረጃ ዳር እየሰፋ ነበር። እጁ ጨርቁን ለቀቀው። እግሩ ከነክብደቱ ፔዳሉ ላይ ስለቀረ ማሽኑ አልቆመም፤ ስፌቱ ከመስመሩ ወጥቶ እንደ ሰካራም ዱካ እየተጣመመ ሄደ። እትዬ ከጓዳ ስትወጣ «ምን ሆንክ አንተ?» አለችው። መለሰላት፤ መልሱ ግን ቃል አልሆነም።

ሞግዚት ያን ጊዜ እትብት እያጠበች ነበር። ጓንቷ እርጥብ ስለሆነ፣ ፕሮፌሰሯ ስልኩን ከካፖርቷ ኪስ አውጥታ ጆሮዋ ላይ ያዘችላት። ሰምታ ስትጨርስ እትብቱን ወደ ዕቃው መለሰችና ክዳኑን ገጠመችው፤ ከዚያ ጓንቷን ሳታወልቅ ደረጃውን ወጣች። ወንድሟን ላይ፣ ድንገተኛ ክፍል አምጥተውት ነበር፤ ጭንቅላቱ ውስጥ አንዲት ቀጭን የደም ሥር ተበጥሳ ደም ፈሶ ነበር።

ሐኪሟ ኮሪደሩ ላይ አገኘቻት።

«ቤት ውስጥ ሲለኩት ስንት ነበር?»

ነገረቻት። አንዱንም አልረሳችውም፤ አንዱንም አልቀነሰችም።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ካለፈው ቀጠሮ አስቀድሞ።»

ሐኪሟ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻል ነበር። «ለምን አልደወሉልኝም?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«መድኃኒቱ መሥራቱን የሚያሳይ መስሎኝ።»

«ሊሆንም ይችላል። በአንዳንድ ሰው ላይ አብረው ይታያሉ። ግን ግፊቱን በክኒን እናወርደው ነበር እኮ።»

«መድኃኒቱስ? አይቋረጥበትም ነበር?»

«ክኒኑ ካወረደለት ለምን እናቋርጣለን? አብዛኛው ሰው እንደዚያ ሆኖ ነው የሚቀጥለው።» ሐኪሟ ፋይሉን ዘጋችው። «አሁን ግን መቀጠል አንችልም።»

አታውቅም ነበር ቢባልላት ይቀላት ነበር። ታውቃለች እንጂ። አጋጁ መልእክተኛውን የሚይዘው ዕጢው ዘንድ ብቻ እንዳልሆነ ታውቃለች፤ ደም በየሄደበት ሁሉ፣ በኩላሊትም በጭንቅላትም፣ ያው አንድ ዓይነት ሴል ተነጥፎ እንደሚኖር ታውቃለች። እጇ ላይ ያደጉ ናቸው። ሳህን ላይ ግን ከሴሎቹ በላይ ሰው የለም። ሥሩ ሲጠብ ራሱን የሚያመው፣ ክር ማስገባት የሚያቅተው የለም። ቀለም አልያዘም ተብሎ ይመዘገብና ሳህኑ ይጣላል። እሷ ያወቀችው እስከዚያ ድረስ ያለውን ነው።

ወንድም ጋሼ ከዚያ በኋላ አንድ ክረምት ብቻ አየ። ቀኝ እጁ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ጭኑ ላይ ተጋድሞ ይውላል፤ ግራው እያነሳ ቦታ ይቀይርለታል። አፉ ቀስ እያለ ተመለሰ፤ ቃል እየመረጠ። አንድ ቀን ስታበላው፣ ፊቱን ግማሹን ብቻ ፈገግ አድርጎ «ሚጣ» አላት።

«አቤት ወንድም ጋሼ።»

«ሳህን… ነጭ።»

ቀልዱ ነው ወይስ ወቀሳው፣ አላወቀችም። ተነሥታ ንጹሕ ብርጭቆ አጠበች። ተመልሳ ስትቀመጥ ይቅርታ ልትጠይቀው አፏን ከፈተች። «ወንድም ጋሼ፣ እኔ እኮ ነኝ…» ስትል፣ ግራ እጁን አንሥቶ ሾርባውን አሳያት። «ቀዘቀዘ» አለ። አሞቀችው። ነገ እለዋለሁ አለች በልቧ፤ ነገም መጣ፣ ሌላ ነገም መጣ፤ ሳትለው ዕጢው ደረሰበት። ጀምራው የቀረችው ያ ዓረፍተ ነገር ሆዷ ውስጥ እንዳለ ነው።

ከቀብሩ በኋላ ሰው ሁሉ ሲበተን፣ እትዬና እሷ ሱቁን ሊዘጉ ገቡ። መጋረጃው ማሽኑ ላይ እንዳለ ነበር፤ ባለቤቷም አልጠየቀችው፣ እነሱም አላነሡት። እትዬ በርጩማዋ ላይ ቁጭ አለች።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለቻት። «ያን ጊዜ ማጅራቴን ሲል፣ ፈርተሽ ነበር?»

«ትንሽ።»

«እኔም ፈርቼ ነበር» አለች እትዬ። «በጣም ነበር የፈራሁት። ግን አንቺ አልሽ።»

ሞግዚት የሱቁን ቁልፍ ከቁልፎቿ መሐል አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፤ እትዬም «ያዢው» አላለቻትም። መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላም ይባባላሉ፤ ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ፣ ዝናቡ በዛ፣ አዎ በዛ። ሞግዚት ያን ያህል ደጋግማ ከሄደችበት ቤት ደጃፍ በሌላ ጎን መሄድ ጀመረች።

ሥራዋን ወዲያው አልተወችም። እትብቱን ታጥባለች፣ ሴሎቹን ታበላለች፣ ታስጾማለች። አንድ ቀን ፕሮፌሰሯ እንደ ልማዷ መነጽሯን ሰቅላ መጣች።

«ነጭ ቀረ?»

ሞግዚት ሳህኑን ይዛ ቆመች። እንደ ውኃ የጠራ ነበር። ፕሮፌሰሯ ቀስ ብላ ከእጇ ተቀበለቻት።

«እረፊ ትንሽ» አለቻት። «ይኼን ሁሉ ዓመት ሥራሽ ላይ አንድ ስሕተት አላየሁብሽም።»

«እዚህማ አልተሳሳትኩም» አለች ሞግዚት።

በዚያው ወር መልቀቂያ ጠየቀች። ተማሪዎቹ የምታበላቸውን ጠርሙሶች ተከፋፈሉ፤ ለስንብት ኬክ ገዙላት፤ እሷም ቆርሳ አደለቻቸው፤ የራሷን ድርሻ ግን ወረቀት ላይ ጠቅልላ ይዛ ሄደች። ያንን ኬክ ለማን እንደምትወስድ የጠየቃት የለም።

አሁን የምትኖረው የባሕር ወደብ ባለበት ከተማ፣ ከአክስቷ ልጅ ጋር፣ ከዓሣ ገበያው በላይ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። ግማሽ ቀን የሆቴል አንሶላ በሚታጠብበት ቤት አንሶላ ታጥፋለች። ወደ ቤተ ሙከራው ተመልሳ አልመጣችም። እትዬ አድራሻዋን ታውቀዋለች፤ እስካሁን ግን አልሄደችም።